ላውሪ ቤከር፦ የኬረላው የመኖሪያ ቤት አርክቴክት ሕይወትና ሥራ



በሥነ ሕንፃ ታሪክ ትምህርታችን ስማቸው የሚነሣ ባለሙያዎች አብዛኞቹ የታወቁት በትልልቅ ሕንፃዎች ነው። ቤተ መዘክር፣ አየር ማረፊያ ወይም የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የነደፈ ሰው በመጽሐፍ ይመዘገባል፤ አንድ መምህር ወይም አንድ ጡረተኛ ዕድሜ ልኩን ባጠራቀመው ገንዘብ የሚኖርበትን ቤት የሠራለት ሰው ግን ስሙ ከግቢው አጥር አልፎ እምብዛም አይሰማም። ዛሬ የምናገርለት ሰው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን የሚቈጠር ነው። ላውሪ ቤከር በደቡብ ሕንድ በኬረላ ግዛት፣ በተለይም በዋና ከተማዋ በቲሩቫናንታፑራምና በአካባቢዋ፣ ከ1000 በላይ መኖሪያ ቤቶችን እንደ ሠራ ይነገርለታል። አብዛኞቹም በመጠናቸው አነስተኛ ናቸው።

ቤከር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «የርካሽ ቤት አርክቴክት» እየተባለ ነው። ይህ አጠራር ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጪ መቀነስን ብዙ ሰው ያውቅበታል፤ ግድግዳውን ማሳሳት፣ ክፍሉን ማጥበብ፣ የሠራተኛውን ክፍያ መቍረጥ ይቻላል። ቤከር ያነሣው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነበር። ለአንድ ቤት ከሚወጣው ገንዘብ ስንቱ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል? ስንቱስ ግድግዳውን በሚያቆመው ሰው እጅ ይቀራል? የሕይወት ታሪኩንም ሆነ የግድግዳና የጣሪያ ዘዴዎቹን በዚህ ጥያቄ በኩል ስንመለከታቸው እርስ በርሳቸው ይገጣጠማሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ቤከር የተወለደው በ1917 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ነው። በዚያችው ከተማ ሥነ ሕንፃ አጥንቶ በ1937 ተመረቀ። በወጣትነቱ የኩዌከሮችን እምነት ስለ ተቀበለ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር መሣሪያ አላነሣም፤ ይልቁንም ኩዌከሮች ካቋቋሙት የአምቡላንስ ጓድ ጋር ወደ ቻይና ተጓዘ። በዚያም ቍስለኞችንና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያገለግል ቈየ። ጤናው ታውኮ ወደ አገሩ በሚመለስበት ጊዜ ቦምቤይ ላይ መርከብ ሲጠብቅ ወራት አለፉ። ማህተማ ጋንዲን ያገኘው በዚህ መካከል ነው። ታሪኩ እንደሚነገረው የጋንዲን ዓይን የሳበው የቤከር ጫማ ነበር፤ ቻይና ውስጥ የተማረውን ዘዴ ተጠቅሞ ከእራፊ ጨርቅ በገዛ እጁ የሠራው ጫማ። ከውይይታቸውም በቤከር አእምሮ ተቀርጾ የቀረ አንድ አሳብ አለ፤ የመንደር ቤት የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ ቤቱ ከሚቆምበት ቦታ በ5 ማይል ዙሪያ፣ ማለትም በ8 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ የሚገኝ መሆን አለበት የሚል። ቤከር ይህን አሳብ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ደጋግሞ ያነሣው ነበር።

በ1945 ወደ ሕንድ ተመለሰ። የመጣው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በሚረዳ ሚሲዮን ተቀጥሮ፣ ሕሙማኑ ተገልለው የሚኖሩባቸውን አሮጌ ጥገኝት ቤቶች ወደ ሕክምና ቦታነት ለመለወጥ ነበር። አንድ እንግሊዛዊ አርክቴክት የተማረውን ሁሉ ዋጋ ቢስ ሆኖ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። በርሚንግሃም ያስተማረችው ስለ ብረት፣ ስለ መስተዋት፣ ስለ ፋብሪካ ጡብ ነበር፤ ፊት ለፊቱ የተደቀኑት ግን ጭቃ፣ ኖራ፣ ላተራይት ድንጋይ፣ የከብት እበትና የኮኮናት ቅጠል ሆኑ። ስለ እነዚህ ዕቃዎች የሚያውቀው ያገሩ ግንበኛ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ከእርሱ መማር ግድ ሆነ።

በ1948 ኤልዛቤት ጄኮብ የተባለች የኬረላ ተወላጅ ሐኪም አገባ። ባልና ሚስቱ ወደ ሂማላያ ተራሮች፣ ከኔፓልና ከቲቤት ድንበር ወደማይርቀው ወደ ፒቶራጋር ሄዱ። አሳባቸው ለጫጕላ ጊዜ ነበር፤ ሆኖም ሐኪም መጣች የሚለው ወሬ በተራራው ሲዳረስ በሽተኛው ከበር ላይ አልጠፋ አለ። እነርሱም በዚያው ለ16 ዓመታት ያህል ቈዩ። ኤልዛቤት ታክማለች፤ ቤከር ሆስፒታሉን ይሠራል፣ ያድሳል፣ በሽተኛም ያስታምማል። በእኔ ግምት የቤከር እውነተኛ ትምህርት ቤት ፒቶራጋር ነው። የተራራው ሰው ቤቱን የሚሠራው በድንጋይ፣ በጭቃ፣ በጣውላና በጥቍር ሰሌዳ ድንጋይ ክዳን ነበር። ሸክም በሰውና በበቅሎ ጀርባ በሚጓዝበት አገር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ምን ያህል ውድ እንደሚሆን ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አያስፈልግም። ቤከር ያየው ያ የአሠራር ባህል የብዙ መቶ ዓመታት ሙከራ ውጤት መሆኑን ነው። ያልሠራው ቀርቷል፤ የሠራው ቈይቷል።

በ1963 ቤተሰቡ ወደ ኬረላ ወረደ፤ መጀመሪያ በቫጋሞን ኰረብታዎች፣ ኋላም በቲሩቫናንታፑራም ተቀመጠ። ኬረላ ለኢትዮጵያውያን ጨርሶ እንግዳ ስም አይደለም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንና ከዚያም በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያች ግዛት የመጡ ነበሩ። ግዛቲቱ በአረቢያ ባሕርና በምዕራብ ጋትስ ተራሮች መካከል የተዘረጋች ቀጭን መሬት ናት። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣባታል፤ ዋናው ከሰኔ ጀምሮ ከደቡብ ምዕራብ፣ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ከሰሜን ምሥራቅ። በአማካይ የሚወርደው ወደ 3000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር የተቀላቀለ ነውና ለሰው እፎይታ የሚሰጠው የሚንቀሳቀስ አየር ብቻ ነው።

የኬረላ ባህላዊ ቤት ለዚህ ሁሉ መልስ ነበረው። ጣሪያው ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ክፈፉ ከግድግዳው ርቆ የሚወጣ ነው። በባለጸጎቹ ዘንድ ናሉኬቱ የሚባለው ቤት አራት ክንፎች በአንድ ውስጣዊ ግቢ ዙሪያ የሚገጥሙበት ሲሆን፣ ሞቃቱ አየር በዚያ ግቢ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። የጥንቱ የትራቫንኮር ነገሥታት መቀመጫ በሆነው በፓድማናባፑራም ቤተ መንግሥትም ብርሃንን አለዝቦ፣ አየርን አሳልፎ፣ ዓይንን የሚከልል የእንጨት ጥልፍልፍ እናያለን። ቤከር ከዚህ ውርስ የወሰደው ቅርጹን ሳይሆን አሠራሩን ነው። በእርሱ ዘመን ጥሩ እንጨት ተወድዶ ነበርና ጥልፍልፉን በጡብ ሠራው። ጡቦቹን በየመካከላቸው ክፍተት እየተወ መደርደር፣ በቃ። ሕንዶች ጃሊ የሚሉት ይህ ነው።

ጃሊው ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን በሒሳብ የተወለደ ነው። መስኮት ማለት ክፈፍ፣ መዝጊያ፣ ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያ፣ መስተዋት፣ የሌባ ብረትና ቀለም ማለት ነው፤ የሚተካውን ያህል ግድግዳ በጡብ ብንሞላው የሚያስወጣው ገንዘብ ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። የጡብ ጥልፍልፍ ግን ግድግዳም መስኮትም የሌባ መከላከያም ሆኖ፣ ከድፍን ግድግዳ ባነሰ ጡብ ያልቃል። መዝጊያ የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ቤከር ያለ ክፈፍ አንዲት ጣውላ በላይና በታች በተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል አቁሞ እንድትዞር ያደርግ ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ሥዕል ሲያዩ ይስቃሉ። ከሣቁ በኋላ ግን በመደበኛ መስኮት ላይ ካሉት ክፍሎች የትኞቹ በእርግጥ እንደሚያስፈልጉ መቍጠር ይጀምራሉ።

ከዘዴዎቹ ሁሉ በሰፊው የተሠራጨው «የአይጥ ወጥመድ» የሚባለው የጡብ አደራደር ነው። ዘዴውን የፈጠረው ቤከር አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ቀድሞ ይታወቅ ነበር። በተለመደው አገነባብ ጡቡ በሰፊ ሆዱ ይተኛል፤ በዚህኛው በጠባብ ጐኑ ይቆማል። መጠኑ 22.5 በ11.25 በ7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጡብ እንውሰድ። ሁለት ጡቦች በጐናቸው ቆመው አንዱ በውጭ አንዱ በውስጥ በኩል ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው 7.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ሦስተኛው ጡብ ተሻጋሪ ሆኖ ሁለቱን ገጽ ያያይዛል። የግድግዳው ውፍረት ያው 22.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ድፍን ግድግዳ 4 ጡብ በሚወስድበት ቦታ ግን ይህ የሚወስደው 3 ብቻ ነው። የአንድ ሩብ ቍጠባ ማለት ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ከ7.5 ይልቅ 11.25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው የረድፉ ቍጥር ይቀንሳል፣ ሞርታሩም እንዲሁ። በውስጡ የታሰረው አየር ሙቀትን ያዘገያል። ቤከር በላዩ ልስን አይጨምርም ነበር፤ በደንብ የተደረደረ ጡብ መሸፈን የለበትም የሚል ጽኑ አቋም ነበረው። በዚህም የልስኑ ሲሚንቶ፣ ቀለሙና በየጊዜው የሚመጣው እድሳት አብረው ይቀራሉ።

ሁለተኛው የጣሪያው ነገር ነው። የአርማታ ሶሌታ ሸክም ሲጫንበት ከላይ በኩል ይጨመቃል፣ ከታች በኩል ይለጠጣል። ኮንክሪት መጨመቅን እንጂ መለጠጥን አይችልም፤ መለጠጡን የሚሸከመው በግንባታ ቦታ ፌሮ የምንለው ብረት ነው። እንግዲያስ በታችኛው ክፍል በፌሮዎቹ መካከል ያለው ኮንክሪት ከክብደቱ በቀር ምን ያበረክታል? ቤከር በዚያ ቦታ ከአሮጌ ጣሪያ የወረዱ የሸክላ ክዳኖችን እያስገባ ኮንክሪቱን ቀነሰ። ሶሌታው ቀለለ፤ በመቅለሉም የሚፈልገው ብረት አነሰ፤ ከታች ቀና ብሎ ለሚመለከትም ቀይ የሸክላ ጥለት ታየ።

ክብ ግድግዳን መውደዱም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። 36 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን ክፍል አራት ማዕዘን አድርገን ብንሠራው የዙሪያው ርዝመት 24 ሜትር ይሆናል፤ ክብ ብናደርገው ግን ከ21.3 ሜትር አይበልጥም። ጐበጥ ወይም እጥፍጥፍ ያለ ግድግዳም ተጣጥፎ እንደሚቆም ወረቀት በራሱ ስለሚጸና፣ በግማሽ ጡብ ውፍረት ሊሠራ ይችላል። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ በታምፓኑር የሚገኘው የሕንድ የቡና ቤት የዚህ ምስክር ነው። ቀይ ክብ ማማ ሲሆን በውስጡ ደረጃ የለውም፤ ወለሉ ራሱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠረጴዛዎቹም በዚያ ዳገት ዳር ዳር ተደርድረዋል። በኡሉር ኰረብታ ላይ ያለውን የልማት ጥናት ማእከል የመሰሉ ትልልቅ ሥራዎችም አሉት። ማእከሉ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በምጣኔ ሀብት ሊቁ በኬ ኤን ራጅ መሪነት የተመሠረተ ነው። እነዚህን ብዙ ተጽፎባቸዋልና አልፋቸዋለሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በማኑዋል ሊጻፍ የሚችል ነው፤ ተጽፏልም። ቤከር ራሱ በእጁ ጽፎና በእጁ ሥሎ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ ቀጫጭን መጻሕፍት አዘጋጅቷል። በማኑዋል ለመያዝ የሚያስቸግረው የሥራ ልማዱ ነው። በረዳቶች የተሞላ ቢሮ አልነበረውም። ሥራ ተቋራጭ አያስገባም፤ ግንበኞቹንና አናጢዎቹን ራሱ ይዞ በየግንባታው ቦታ በየዕለቱ ይዞር ነበር። ንድፉን የሚሥለው በተጣለ ወረቀት ጀርባ፣ አንዳንዴም በፖስታ ላይ ነው። ዛፍ ካገኘ ግድግዳውን ያዞረዋል። ግንበኛው የተሻለ ዘዴ ካሳየው ይቀበላል። ከቤተሰቡ ጋር የሚያደርገው ውይይት ረጅም ነበር፤ ማን ቀድሞ ይነሣል፣ ምግብ የት ይበላል፣ አያት የት ይተኛሉ። ሁለት ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ስለማይኖሩ አንድ ዓይነት ፕላን አይሰጣቸውም።

ይህም ለባለ ገንዘብ ብቻ የተተወ አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በፑንቱራ የባሕር ዳርቻ ለዓሣ አጥማጆች ቤቶችን ሲሠራ፣ እንደ ተለመደው የሰፈራ ፕሮጀክት በወታደር ሰልፍ አልደረደራቸውም። አንዱን ቤት ከሌላው ፈቀቅ እያደረገ አቆማቸው፤ የባሕሩ ነፋስ በየመካከሉ እንዲገባና እያንዳንዱ ቤት መረቡን የሚያሰጣበት ደጅ እንዲኖረው። ለድኻ የሚሠራ ቤት የግድ ተመሳሳይ መሆን አለበት የሚለውን አስተሳሰብ ከዚህ በላይ በግልጽ የሚሞግት ሥራ አላውቅም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ፤ ለቤከር ያለኝ አክብሮት ሒሳቡን እንዳልመረምር ሊያግደኝ አይገባም። ጃሊና የአይጥ ወጥመድ ግድግዳ ጡብን ይቈጥባሉ፤ የግንበኛን ሰዓት ግን አይቈጥቡም፣ እንዲያውም ይጨምራሉ። በ1970ዎቹ ኬረላ ሥራ አጡ ብዙ፣ ሲሚንቶው ውድና እጥረት ያለበት ነበር። ያኔ ከፋብሪካ ወስዶ ለእጅ መስጠት በኪስም በኅሊናም ትክክል ነበር። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት የኬረላ ሰው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መፍለስ ጀመረ፤ ግንበኛውም አብሮ ሄደ። የቀረው የቀን ክፍያው ከፍ አለ። ከዱባይና ከኩዌት የተላከው ገንዘብ ደግሞ ሲመለስ የሠራው በአርማታ ምሰሶ የቆመ፣ የተለሰነና ደማቅ ቀለም የተቀባ ባለ ፎቅ ቤት ነበር። ስደተኛው ዓመታት የለፋው ጐረቤት «አለፈለት» እንዲል ነውና ያልተለሰነ ጡብ ያንን አይናገርለትም። በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ ይህን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤት በየከተሞቻችን እናያለን።

ሌላም አለ። ጃሊ አየር እንደሚያስገባ ሁሉ ትንኝና አቧራም ያስገባል፤ ብርሃኑም ለማንበብ ለሚፈልግ ሰው ደብዘዝ ይላል። የመንግሥት መሐንዲሶች ዘዴዎቹን በጥርጣሬ ያዩአቸው በክፋት ብቻ አልነበረም፤ የአይጥ ወጥመድ ግድግዳ በሰነፍ እጅ ከተሠራ ድክመቱ ከድፍኑ ይከፋል። ቤከር ይህን በየዕለቱ በመዞር ይቈጣጠር ነበር። ሺህ ቤት የሚሠራ ሰው ሊዞር ይችላል፤ መቶ ሺህ ቤት የሚሠራ መንግሥት ግን በምን ይዞራል? የዚህን ጥያቄ መልስ ለመፈለግ በ1985 ኮስትፎርድ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ መካከል ቤከር፣ ኬ ኤን ራጅና የቀድሞው የኬረላ ዋና ሚኒስትር አቹታ ሜኖን ይገኙበታል። ድርጅቱ ግንበኞችንና ወጣት አርክቴክቶችን እያሠለጠነ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት ይሠራል። ቤከር ራሱም በኋለኛው ዕድሜው ወደ ጭቃ አዘነበለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጡብ ለመተኰስ የሚነደው እንጨት ከደን ይመጣል፣ ጭቃ ግን እሳት አይፈልግም።

የእኛ ተማሪዎች ከቤከር ምን እንውሰድ ብለው ሲጠይቁኝ በቅድሚያ የምነግራቸው የአይጥ ወጥመዱን ወደ አዲስ አበባ እንዳያመጡት ነው። እኛ የምንገነባበት ብሎኬት አስቀድሞ ልቡ ባዶ ነው፤ ባዶውን ባዶ ማድረግ ትርፍ የለውም። የ5 ማይሉ ሕግ በጅማ አንድ ዕቃ ያሳያል፣ በመቀሌ ሌላ፣ በጅግጅጋ ደግሞ ሌላ። መወሰድ ያለበት የሶሌታውን ታችኛ ክፍል አይቶ «ይህ ኮንክሪት እዚህ ምን ይሠራል?» ያለው ዓይነት ጥያቄ ነው።

ክብር ዘግይቶም ቢሆን መጥቶለታል። በ1990 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጠው፤ የሕንድ ዜግነትም ያገኘው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ያረፈው በ2007፣ በ90 ዓመቱ፣ በቲሩቫናንታፑራም ነው።

በመጨረሻ በስክሪኑ ላይ የምታዩት በናላንቺራ የሚገኘው የገዛ ራሱ መኖሪያ «ሐምሌት» ነው። ቦታው ማንም ቤት አይሠራበትም የተባለ ድንጋያማ ገደል ነበር። ቤከር በ1970 አካባቢ በአንድ ክፍል ጀመረው፤ ከዚያ ቤተሰቡ ሲሰፋና ገንዘብ ሲገኝ ክፍል እየጨመረ ቍልቍለቱን ተከትሎ ወረደ። በሮቹና ጣውላዎቹ ብዙዎቹ ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የተለቀሙ ናቸው። ቤቱ በአንድ ጊዜ የተነደፈ ስላልሆነ ሙሉ ፕላኑን መሣል ከባድ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ግን ከእነዚህ ፎቶግራፎች ተነሥታችሁ መጀመሪያ የተሠራው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ ቀጥሎስ የትኛው እንደ ተጨመረ ግምታችሁን በሥዕል እንድታቀርቡ ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።